የዲቲዬን ደም ግፊት የለካው መካኒክ

እኔ የሞተር ሰው አይደለሁም፤ የከብት ሰው ነኝ። በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በይልማና ዴንሳና በአቸፈር ቀበሌዎች ለአባ ሰንጋና ለጎሮርሳ ስከትብ፣ አንገቱ የታጠፈ ጥጃ ከላም ሆድ ስጎትት ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁንም ሌሊት ስልክ የሚደውልልኝ ገበሬ ስላለ ሞተሬን አልተውኳትም። ያማሃ ዲቲ 125 ናት፤ በ2003 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታችን ያረጁ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ የገዛኋት። ከዚያ በፊትም ለዓመታት የነዳኋት እኔው ነበርኩ። ሌሎቹ ተጫራቾች ጎማዋን በጫማቸው እየመቱ ሲያዩአት እኔ የቱ እግሯ እንደሚያነክስ አውቅ ነበር።

ዛሬ የምጽፈው አራት ወር ሙሉ ያሰቃየኝን በሽታዋን አግኝቶ ስላዳነልኝ ጋራዥ ነው። የጋራዡን ስም ብትጠይቁኝ የለውም፤ ታፔላም የለውም። ጥሩውንም መጥፎውንም እጽፋለሁ፤ መጥፎም አለው።

በሽታዋ የጀመረው ጥር ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለወራት ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆማ ከርማለች። ጠዋት ሰባት ስምንት ጊዜ ካልረገጥኳት አትነሳም። ተነስታ ስትሞቅ ደግሞ ሚኒሞዋ፣ ነዳጅ ሳይሰጣት የምትሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ብቻውን ሽቅብ ይወጣል። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ለቅቄላት እንኳ ቀፎው እንደተነካበት ንብ እየጮኸች ትቆያለች፤ ደስ ሲላት ትወርዳለች። ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ስመለስ ማርሚታዋ፣ የጭስ ማውጫዋ፣ ፓ! ፓ! እያለ ይተኩሳል፤ መንገድ ዳር ያሉ ልጆች ይስቁብኛል። ዳገት ላይ አቅም የላትም። እጄን ወደ ሲሊንደሩ ሳስጠጋ ግለቱ ከወትሮው የበረታ ነው።

ግለቱ ነው ያስፈራኝ። የዚህች ሞተር ዓይነት ቱ ስትሮክ ነው፤ አየርና ቤንዚን በካርቡራተሩ በኩል ተመጥነው መግባት አለባቸው። በሌላ ቀዳዳ ያልተመጠነ አየር ከገባ ቤንዚኑ ያንስና ቃጠሎው ይግላል፤ ፒስተኑ ያብጥና ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ዲቲ ላይ ደግሞ ሌላ ክፉ ነገር አለ። ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀዳላት ሞተር አይደለችም፤ ዘይቱ በራሱ ጋን ተቀምጦ ትንሽ ፓምፕ እየለካ ያጠጣታል። ፓምፑ ልኩን የሚያውቀው በሞተሩ ፍጥነትና በነዳጅ መስጫው ገመድ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ቁልቁለት ላይ መስጫውን ለቅቄያለሁ፣ ገመዱ ለፓምፑ «አርፋለች፣ ጥቂት ይበቃታል» ይለዋል፣ እሷ ግን ከየት እንደመጣ በማይታወቅ አየር እየጋለበች ነው። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ቁልቁለቱን ስወርድ ደስ ይለኝ ነበር፣ እንዲያውም።

ወደ ሕክምናው ልምጣ። አንዱ መካኒክ «ካርቡራተሩ ቆሽሿል» ብሎ አጠበው፤ እዚያው ቦታ ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ በድምሩ 900 ብር። ሌላው ካንዴላ፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ቀየረ፤ ሳይሻላት ሲቀር ሌላ ካንዴላ ቀየረ፤ 700። ሦስተኛው የካርቡራተሩን መርፌ አንድ ደረጃ ከፍ አደረገው፤ 200። እሱ ለሁለት ሳምንት ተሻላት፣ ምክንያቱም ቤንዚን ስለጨመረላት ነው፤ ቀዳዳው ግን እየሰፋ ሄደና እንደገና ታመመች። አራተኛው በእውነት ቀርቦ ነበር። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ጥቁር የላስቲክ አንገት ጠረጠረ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጦ ጠመጠመበት፣ በሽቦ አሰረው፣ ዳር ዳሩን ሲሊኮን ለቀለቀበት፤ 300 ብር። ካላማዳሪያ አየር እንዲይዝ የተሠራ ጎማ ነው። ቤንዚን ሲነካው ያብጣል፣ ይልማል፣ እንደ ማስቲካ ይሆናል። ሁለት ሳምንት አልቆየም።

በእኛ ሙያ ይህ ስም አለው፤ ትኩሳት ያለበትን ሁሉ ኦክሲ መውጋት እንለዋለን። ከብቱ ለምን እንዳተኮሰው ሳይጠየቅ ኦክሲቴትራሳይክሊን ይወጋል፤ ከዳነ ሐኪሙ ጎበዝ ነው፣ ከሞተ ቀኑ ነው። እኔም ጎረምሳ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም። ስለዚህ መካኒኮቹን ብዙም አልተቀየምኳቸውም። ገንዘቤን ግን ተቀየምኩት።

ጋራዡን ያሳየኝ የአሳ ነጋዴ ነው። ዘጌ መንገድ ላይ ፀሐይ እየጠበሰኝ ስረግጥ አይቶኝ ቆመ፤ እሱም ዕድሜ የጠገበች ያማሃ ነበረው፣ ኋላዋ ላይ የአሳ ሳጥን የተጫነባት። ለትንሽ ጊዜ አዳመጣትና «ዶክተር፣ ይህችን ካርቡራተር ለሚያጥብ ሰው አይውሰዷት። አየር እየጠጣች ነው» አለኝ። ከዚያ በእንጨት መሬት ላይ ስሎ ቦታውን አሳየኝ።

ቦታው ከአባይ ማዶ ነው። በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ፣ ያን 380 ሜትር፣ ተሻግራችሁ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ሄዳችሁ ወደ ውስጥ ትታጠፋላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር የተፈታቱ ሦስት ባጃጆች። ከጎኑ ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ የጋራዡ መጠበቂያ ክፍል የእሷ በርጩማዎች ናቸው። መካኒኩ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቴክኒክና ሙያ የተማረ ነው፤ እጁን ጨብጦ ሳይሆን ክንዱን ዘርግቶ ነው ሰላም የሚለው፣ እጁ ዘይት ስለሆነ።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር መጠየቅ ነው። «ጋሼ፣ የምታስቸግርዎት ጠዋት ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? ቆማ ከርማ ነበር? የካምቢዮው፣ የማርሹ፣ ዘይት ይጎድልብዎታል? ነጭ ጭስ አይተዋል?» አራት ወር ሙሉ ማንም ያልጠየቀኝን በሁለት ደቂቃ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ገበሬ ሆኜ ፊቱ ቆምኩ። የካምቢዮው ዘይት አልጎደለም፣ ነጭ ጭስ የለም፣ ቆማ ከርማለች፣ አልኩት።

ካንዴላዋን ፈታ። ጫፉ ነጭ ነው፤ የጠመኔ ነጭ። በደኅናው ቀን የተቆላ ቡና ነበር የሚመስለው። ካንዴላውን መዳፉ ላይ አገላብጦ «ባሕር ዳር ላይ ይህ መልክ አይመጣም፣ ጋሼ» አለ። ለምን? ስል «ከፍታው» አለኝ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 80 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ዝቅ ላለ አገር አየር የተቃኘ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ አየሩ ይሳሳበትና ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ቢጠቁር ነው የሚጠበቀው። ነጭ ከሆነ ግን አንድ ቦታ ሌባ አለ ማለት ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፣ ምክንያቱም የሕክምና መርፌ ከጀርም ለማንጻት ስንቀቅል ኖረናል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርገን እንቀቅል ነበር። ያው አየር ነው። አራት ወር ሙሉ ግን ካንዴላው ነጭ መሆኑን እያየሁ ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም።

ቀጥሎ «ዶክተር አይደሉ? ሲሪንጅ አያጡም» አለኝ። ከቦርሳዬ ባለ 20 ሚሊ ሊትሩን ሰጠሁት። ውሃ ሳበበትና ሞተሯ ሚኒሞ ላይ እየሠራች በላስቲኩ አንገት ዙሪያ ጠብ፣ ጠብ ያደርግ ጀመር። ከላይ፤ ምንም። በቀኝ፤ ምንም። ከታች፣ ዓይን በማይደርስበት ሆዷ በኩል ጠብታው ሲያርፍ ድምፅዋ ወረደ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ደፍኖት ነው። ተመልሳ ጮኸች። ሦስት ጊዜ ደገመው፣ ሦስት ጊዜ ወረደች። በቤንዚን የሚፈትኑ አሉ፤ እሱ ግን የጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን አልረጭም አለኝ፣ አንድ ጊዜ ቅንድቡ ተቃጥሎበታል።

እኔ «ተገኘ!» ብዬ ቁልፍ እንዲያነሳ ስጠብቅ አላነሳም። ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦ «እዚህ እንዳለ አወቅን። እዚህ ብቻ መሆኑን ግን አላወቅንም።»

ቱ ስትሮክ ሞተር ሆዱም ይተነፍሳል። ቤንዚኑና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ወደ ክራንኩ ቤት፣ ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ ወዳለበት፣ ነው። በክራንኩ ግራና ቀኝ ደግሞ ዘይት የሚገታ የጎማ ቀለበት፣ መካኒኮች ፓራኦሊ የሚሉት፣ አለ። የግራው ካለቀ ንጹሕ አየር ይስባል፤ የቀኙ ካለቀ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣች ነጭ ታጨሳለች። ላስቲኩን ቀይሬ ፓራኦሊው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ አምስተኛው የከሰርኩበት ሰው እሱ ይሆን ነበር።

እናም የደም ግፊት መለኪያ አመጣ።

ቀልድ መሰለኝ። ያው ክንድ ላይ የሚጠመጠመው፣ ባለ ጥቁር የጎማ ኳሱ፣ ባለ ክብ ሰዓቱ፤ ጨርቁ ብቻ ተቆርጦ ወድቋል። ባለፈው ዓመት 150 ብሎ ጨው ያስከለከለኝ መሣሪያ ነው። ማርሚታውን ፈታ፣ ቀዳዳውን በወፍራም ጎማና በብረት ሳህን ደፍኖ በዳዶ አጠበቀው። ካርቡራተሩን አውርዶ በአንገቱ አፍ የጎማ ውታፍ ከተተ፤ ከውታፉ መሐል ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ከመለኪያው ጋር ይገናኛል። የዘይቱን ቱቦ ቆነጠጠ። ካንዴላውን መለሰ፤ ፒስተኑን ወደ ታች አወረደ፣ ሲሊንደሩና የክራንኩ ቤት እንዲገናኙ። ከዚያ ኳሱን መጨበጥ ጀመረ። 100፣ 180፣ 260።

ለምን 260? ብዬ ጠየቅኩት። ከዚያ በላይ ከተነፋ ደኅናውም ፓራኦሊ ሊገለበጥ ይችላል፤ የብስክሌት ፓምፕ ደግሞ አንዴ ሲጫኑት ከልክ ያልፋል፤ የደም ግፊት ሰዓት ግን 300 ላይ ያልቃል፣ ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስላል። ደኅና ሞተር የተነፋበትን ለደቂቃዎች ይዞ መቆየት አለበት። የእኔዋ? አሥር ሳልቆጥር 100 ገባች።

«ጋሼ፣ ኦሞ ያምጡልኝ» አለኝ። ከኪዮስኩ ገዛሁ። በውሃ በጥብጦ አረፋውን በብሩሽ ቀባ፤ አሁን እንደ ሕፃን ተንበርክኬ ነው የማየው። ከአንገቱ ሆድ ሥር አረፋው እንደሚፈላ ወተት ገነፈለ። አንገቱ ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥምበት ጓርኒሲዮን፣ በመሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ ላይ ደግሞ በአንዱ ቡሎን አጠገብ ሁለት ትናንሽ ዓይኖች ተከፈቱ። በግራ በኩል የማግኔቱን ክዳን ከፍቶ፣ የሚሽከረከረውን ማግኔት አውጥቶ ፓራኦሊውን ቀባ፤ ፀጥ። በቀኝ በኩል የካምቢዮውን ዘይት መሙያ ከፍቶ አፉ ላይ አረፋ ዘረጋ፤ ፓራኦሊው ቢያሾልክ አረፋው እንደ ፊኛ ይነፋ ነበር። ተኝቶ ቀረ። ቀዳዳው በዚያ በኩል ቢሆን ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) ሁሉ ይወርድ ነበርና እኔ እዚያው ጧፍ አበራሁ፣ በልቤ።

አሁን ቁልፍ አነሳ። አንገቱ በአራት ቡሎን ነው የታሰረው፤ ሦስቱ በ10 ቁልፍ ወጡ። አራተኛውን፣ አረፋ ያሳየውን፣ ከዚህ በፊት የነካው ሰው ራሱን አሙልጦታል። እሱን ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀ፤ በመሮ ጠርዙን እየነካካ፣ ትንሽ እያሞቀ፣ እየጠበቀ። እኔ ቢሆን በአሥር ደቂቃ ሰብሬው ነበር።

አንገቱ ሲወጣ ከላይ ያብረቀርቃል፤ አዲስ ነው የምትሉት። ገልብጦ በአውራ ጣቱ ጎንበስ ሲያደርገው ሆዱ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጠቀ። ስንጥቁ ቀጥ ሲል ይዘጋል፣ ካርቡራተሩ ክብደቱን ሲጥልበትና ሞተሯ ስትንቀጠቀጥ ይከፈታል። ለዚህ ነው በዓይን ያላየነው። ግለት፣ ቤንዚንና ፀሐይ ለዓመታት ሲያደርቁት እንዲህ ይሆናል። ከአንገቱ በስተጀርባ ቤንዚኑና አየሩ ወደ ውስጥ ብቻ እንዲሄዱ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቀጫጭን ምላሶች አሉ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሁለት የሲሊኮን ጭራሮ ተወትፎ አገኘን። ያ አራተኛው መካኒክ የለቀለቀው ነው፤ ቤንዚን አሟሽሾት፣ ሞተሯ ስባው። ጣና ዳር ያደገ ከብት ጉበት ስንከፍት የምናገኘውን የጉበት ትል ቁጭ። ወደ ውስጥ አልፎ ቢሆን ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር። ምላሶቹን ወደ ሰማይ አቅንቶ አየ፤ ብርሃን አያሳልፉም፣ አልተሸረፉም። አጽድቶ መለሳቸው።

አሁን ስለ ዕቃው ልናገር፤ ከጋራዡ ይልቅ ይህ ሊጠቅማችሁ ይችላል። እኔ ቀደም ብዬ ከከተማው አንድ መለዋወጫ መደብር አዲስ አንገት በ850 ብር ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ነበር። «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ ነው የገዛሁት። በኩራት አውጥቼ ሰጠሁት። ምንም አላለም። አንድ የመስታወት ቁራጭ ላይ አስቀምጦ የብረቱን አንድ ጥግ በጣቱ ተጫነው፤ እግሩ እንደተሰበረ በርጩማ ወዲህ ወዲያ አለ። ይህ በብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፣ መስታወቱ ላይ ዘርግቶ ማሸት ነው። «ጎማው ግን አይስተካከልም» አለና ወደ ዳሱ ገብቶ ማሰሮ ይዞ ወጣ።

የማርማላታ ማሰሮ ነው፣ ውስጡ ቤንዚን። በቤንዚኑ ውስጥ በክር የታሰሩ የጎማ ቁርጥራጮች ይዋኛሉ፤ በየክሩ ጫፍ ወረቀት ተለጥፎ የገዛበት ቀን ተጽፎበታል። አንዳንዱ አብጦ እንጀራ መስሏል፣ አንዳንዱ ቤንዚኑን አጥቁሮታል፣ ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ደንበኛ ያመጣውን ላስቲክ ሁሉ ከጠርዙ ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ እዚያ ይከታል። የእኔንም አስፈቅዶ ከተተ። በማግስቱ ስመጣ 4 ሚሊ ሜትር የነበረው 5 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ቤንዚን የሚችለው ናይትራይል የሚባለው የጎማ ዓይነት ነው፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ጥቁር ስለሆነ በዓይን አይለይም። ኦሪንግም፣ ክብ የጎማ ማሸጊያ፣ ብትገዙ ያው ነው፤ አንድ ትርፍ ገዝታችሁ ሌሊቱን ቤንዚን ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት ከጓደኛው ጋር ካልተመሳሰለ ወደ ሻጩ። እኔ ግን ወደ ሻጩ ስመለስ «የተቆረጠ ዕቃ አንቀበልም» አለኝ። ልክ ነው፣ ቆርጠነዋል። 850 ብሬ በማሰሮው ውስጥ ይዋኛል።

እውነተኛውን የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ፣ በ3,400 ብር ከነጓርኒሲዮኑ ገዝቶ በአውቶቡስ ላከልኝ፤ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። መካኒኩ ያስጠነቀቀኝን ልንገራችሁ፦ «ዲቲ 125» ብቻ ብላችሁ አትዘዙ። የዲቲ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ አንገታቸውም ይለያያል። የሻንሲ ቁጥሩን ጻፉ፣ አሮጌውን አንገት ከማስመሪያ ጎን አስቀምጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ላኩ። የአክስቴ ልጅ ፎቶውን ይዞ ሦስት ሱቅ ዞሯል፤ ሁለቱ ጋ የሰጡት ቀዳዳው አይገጥምም ነበር። ዕቃው ሲመጣ መስታወቱ ላይ አስቀመጥነው፤ ተጣብቆ ተቀመጠ። ከጠርዙ መቁረጥ ግን አሳዘነን፤ ከጓርኒሲዮኑ ጋር በነበረው ትንሽ ኦሪንግ ፈተንን፣ ንቅንቅ አላለም።

ሲገጥም ሲሊኮን የለም፤ ፊቱን በንጹሕ ጨርቅና በቤንዚን ጠርጎ ጓርኒሲዮኑን ደረቁን አስቀመጠ። ቡሎኖቹን በመስቀል፣ አንዱን ትንሽ፣ ተቃራኒውን ትንሽ፣ እየተመላለሰ። ቁልፉን ከጫፉ ሳይሆን ከአንገቱ አጠገብ በሁለት ጣት ነው የሚይዘው፤ ጉልበት ከበዛ የሲሊንደሩ አሉሚኒየም ጥርሱ ይላጣል። ከዚያ እንደገና የደም ግፊት። 260። ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። ስድስት ደቂቃ ቆይቶ 250። «አሥሯስ?» ስለው «ውታፌም ጎማ ነው፣ ጋሼ» ብሎ ሳቀ። ከፍ የተደረገውን የካርቡራተሩን መርፌ ወደ ቦታው መለሰ፣ ሚኒሞውን አስተካከለ። በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ነዳጅ ሰጥቼ ለቀቅኩ፤ ወዲያው ወረደች። እንደገና ሰጥቼ ለቀቅኩ። ባለቡናዋ «ምነው ጋሼ፣ አሳረፏት እንጂ» እስክትለኝ ድረስ።

የእጁን 1,200 ብር አስከፈለኝ። ዕቃው ሲጨመር 4,600። ከዚያ በፊት በአራት ወር በከንቱ ያወጣሁት ደግሞ፣ የማሰሮውን ጨምሮ፣ 2,950 ነው፤ ማታ ተቀምጬ ደምሬዋለሁ።

ከሦስት ወር በኋላ ነው ይህን የምጽፈው። ጢስ አባይ ደርሼ ተመልሻለሁ፣ 30 ኪሎ ሜትር መሄጃ፣ 30 መመለሻ፣ የክትባት ሳጥን ከኋላ ጭኜ። ጠዋት በሁለት ርግጫ ትነሳለች። ካንዴላው የቡና መልኩን ይዟል፣ እንዲያውም ጠቆር ይላል፤ ከፍታው ነው። ቤዛዊት ቁልቁለት ላይ ዝም ብላ ትወርዳለች። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳሁ በኋላ ቡሎኖቹን ደግሞ እንዲያያቸው ተመልሼ ሄድኩ፤ ጎማና ወረቀት ከሞቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ትንሽ ይቀመጣል። ለዚያ ገንዘብ አልወሰደም።

አሁን ወቀሳዬ። ቀጠሮ አያውቅም። «ጠዋት 3 ሰዓት ይምጡ» ብሎኝ እሱ 5 ሰዓት ላይ ነው የመጣው፤ ዕቃው በደረሰ ቀን ደግሞ ጭራሽ አልነበረም፤ መራዊ የተበላሸ ባጃጅ ሊያይ ሄዷል። ስልክ አያነሳም፤ እጁ ዘይት ነው ይላል፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ዘይት ነው እንግዲህ። ዋጋውን አስቀድሞ አይናገርም፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄው «አይጣላንም» ብቻ ነው ያለኝ። አልተጣላንም፣ ግን ኪሱን ቆጥሮ ለሚመጣ ሰው ይህ መልስ አይደለም። ደረሰኝ የለም። የፈታውን ዕቃ መሬት ላይ ነው የሚደረድረው፤ የጎን ሽፋኔን የምትይዝ ትንሽ ጎማ ጠፍታ ዛሬም ጠጠር መንገድ ላይ ሽፋኑ ይንኳኳል። የማርሚታውን ጓርኒሲዮን ሳይቀይር አሮጌውን መልሶ ገጥሞታል፤ በመጋጠሚያው በኩል ጥቁር ዘይት ጥቂት ይወርዳል። ብነግረው «እሱ እስትንፋስ አይወስድም፣ ይቆይ» አለኝ። እኔ ግን ንጹሕ ሞተር እወዳለሁ።

በሌላ በኩል፣ የፈታውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርጎ መለሰልኝ፤ አንገቱን፣ የተሞለጠውን ቡሎን፣ ሁለቱን የሲሊኮን ትሎች ሳይቀር። ሳልጠይቀው። ይህን ሌላ ቦታ አላየሁም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ግን አምስት ሰዓት ሳይሞላ እሱን አትጠብቁ። ባለቡናዋ ጋ ቁጭ በሉ፣ ቡናዋ ጥሩ ነው። ሲሪንጄን አልመለሰልኝም፤ አልጠየቅኩትምም፣ ከእኔ ይልቅ እሱ ይሠራበታል። አንድ ፓኬት ኦሞ ግን ያዙለት፤ የእኔን ጨርሶታል።